ብስክሌት ነጂዎች ችግረኛ ልጆችን ስለሚረዱበት ዘዴ

አንድ ሰው በኬፕ ታውን ከተማ ብስክሌት ስለ ነዳ፣ እርሱ የማያውቃት የሩቅ መንደር ልጅ ደብተር ወይም ጫማ ወይም የራስዋን ብስክሌት የምታገኘው እንዴት ነው? ፔዳል መርገጥ በራሱ ገንዘብ አያፈራም፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ቢደክም የሚያፈሰው ላብ ብቻ ነው። ሆኖም በደቡብ አፍሪቃ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰዎች ለጉዞ እየወጡ ከዚሁ ድካማቸው ለችግረኛ ልጆች የሚሆን ገንዘብ ይገኛል። ይህን አሠራር ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ለመግለጽ የተነሣሁት፣ የመንገድ ርዝመት ልጅን ከትምህርት እንደሚያስቀር በደብረ ሲና የምንማር ሁሉ ማንም ሳይነግረን የምናውቀው ነገር ስለ ሆነ ነው። የውጭውን አገር ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በእኛው ዘመን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ከሁሉ ቀላሉ የገንዘብ ምንጭ የመመዝገቢያ ክፍያ ነው። ለመወዳደር የሚፈልግ ሁሉ ይከፍላል፤ ከተከፈለውም ላይ የመንገድ ጥበቃው፣ የሐኪሙ፣ የውሃውና የሰዓት መቈጣጠሪያው ወጪ ከተነሣ በኋላ ትርፉ ለታሰበለት ጉዳይ ይውላል። ሁለተኛው ምንጭ ግን ዘርዘር ብሎ ሊነገር ይገባዋል። ነጂው ገና ከጉዞው በፊት ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ ጎረቤቶቹና ወደ ሥራ ባልደረቦቹ እየሄደ፣ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ልነዳ ነው፤ ብጨርስ ለእነዚህ ልጆች ምን ትሰጣላችሁ?» ይላል። አንዱ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብሎ ቃል ይገባል፤ ሌላው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ያስመዘግባል። ነጂው ጉዞውን ሲጨርስ ቃል የተገባውን ይሰበስባል። ቀድሞ ይህ ሁሉ በወረቀት ይደረግ ነበር፤ ዛሬ በባንክና በስልክ ይፈጸማል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ከዚህም በቀር የንግድ ድርጅቶች ስማቸው በነጂዎቹ ልብስ ላይ እንዲታይላቸው ይከፍላሉ።

«ለልጆቹ የሚያዝን ሰው ገንዘቡን በቀጥታ ለምን አይሰጥም? ብስክሌቱ ምን ያደርጋል?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ደቦን ማሰብ ይበቃል። አንድ የይፋት ገበሬ ማሽላው ሲደርስለት ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየዞረ «እባክህ አንድ ቀን እጨድልኝ» ቢላቸው አብዛኞቹ ምክንያት ይፈጥሩበታል። ቀኑ ተቈርጦ፣ ምግቡ ተዘጋጅቶ፣ ሁሉም በአንድ ማሳ ላይ ሲሰለፍ ግን የቀረው ሰው ያፍራል፤ የመጣውም በጓደኞቹ ዜማ ይበረታል። የብስክሌት ጉዞም ለለጋሾች እንደ ደቦ ነው። የተቈረጠ ቀን አለው፤ ሰው ከሰው ይተያያል፤ የሚደክምም ሰው በዓይን ስለሚታይ የተጠየቀው ሰው እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ዳሩ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንዱ ነጂ ለብስክሌቱና ለልብሱ የሚያወጣው ገንዘብ ለልጆቹ ከሚሰበስበው ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ስፖርተኛ ብንለው እውነት ነው፤ በጎ አድራጊ መባሉ ግን ትንሽ ይቈየው።

በኬፕ ታውን የሚደረገው ትልቁ ጉዞ በ1978 ሲጀመር ስለ ችግረኛ ልጆች አልነበረም። ነጂዎች ለብስክሌት የሚሆን መንገድ እንዲሠራላቸው የከተማውን ሹማምንት ለማሳሰብ የወጡበት ሰልፍ ነበር፤ የተሳተፉትም 500 ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ በማርች ወር የሚደረግ ሲሆን፣ በባሕርና በተራራ መካከል የሚዞረውን 109 ኪሎ ሜትር መንገድ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ይነዱታል። ትርፉም በአንድ የአደራ ድርጅት በኩል ለብስክሌት ነጂዎች ማኅበርና ለክሌርሞንት ሮታሪ ክለብ እየደረሰ በእነርሱ እጅ ለበጎ ሥራ ይውላል። እንዲህ ያለው ገቢ ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም፤ በ2015 በተራራው ላይ በተነሣው ሰደድ እሳት ምክንያት መንገዱ ወደ 47 ኪሎ ሜትር አጠረ፤ በ2017 ደግሞ ነፋሱ ሰውን ከነብስክሌቱ እየጣለ ስላስቸገረ ውድድሩ ተቋረጠ። የእኛን የጣርማ በር ነፋስ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።

በዚያው ከተማ ዳር ካየሊቻ የምትባል ሰፊ የድኾች መንደር አለች። በመንደሪቱ ቬሎካያ የሚባል የብስክሌት ትምህርት ቤት ይገኛል። «ቬሎ» በፈረንሳይኛ ብስክሌት፣ «ካያ» በኮሳ ቋንቋ ቤት ማለት ነው። ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደዚያ እየሄዱ ብስክሌት መንዳት ይማራሉ። ወላጆች ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ያሉት ሰዓቶች በእንዲህ ያሉ መንደሮች ለልጅ አደገኛ ሰዓቶች ናቸውና፣ ልጁ የሚውልበት ደኅና ቦታ ማግኘቱ ብስክሌት ከመማሩ ያላነሰ ጥቅም አለው።

እዚህ ላይ፣ በደቡብ አፍሪቃ የልጆች መንገድ ለምን እንዲህ ረዘመ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሩ ሕዝብ በሕግ ተገድዶ ከከተማ ርቆ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። በ1950 የወጣው የመኖሪያ ክልል ሕግ ሰውን በዘር ለይቶ የት እንደሚኖር ይወስን ነበር፤ በገጠርም ጥቁሮች የተመደቡላቸው ክልሎች መንገድና ትምህርት ቤት የጐደላቸው ነበሩ። በ1994 ያ አገዛዝ ቢያበቃም ቤቶቹና መንደሮቹ በነበሩበት ቀሩ። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ወደ ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚጓዙ ልጆች ዛሬም ብዙ ናቸው።

ይህን ርቀት ለማሳጠር ከተነሡት ድርጅቶች በስሙ የታወቀው ኩቤካ ነው። ቃሉ በዚያ አገር ቋንቋ ወደ ፊት መሄድ፣ መቀጠል ማለት ነው። ኩቤካ ለልጆች ብስክሌት ያድላል፤ የሚያድለው ግን እንዲሁ በነጻ አይደለም። ልጆቹ ችግኝ በማፍላት፣ ቆሻሻ ለቅመው በማስረከብ ወይም በትምህርታቸው በመትጋት ብስክሌቱን በሥራቸው ያገኙታል። በእኔ አስተያየት ከአሠራሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልጅቱ ብስክሌቷን ስትነዳ የሚያያት ሰው «ተመጽውታ አገኘችው» አይልም፤ «ሠርታ አገኘችው» ይላል። ችግረኛ ተብሎ በሰልፍ ፊት ስሙ የሚጠራ ልጅ ደብተሩን ቢቀበልም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ሁላችን እናውቃለን።

ኩቤካ በዓለም የታወቀው በስሙ በተጠራ የብስክሌት ቡድን አማካይነት ነው። ይህ ቡድን በ2015 በፈረንሳይ አገር በሚደረገው ታላቅ ዙር ውድድር ሲካፈል፣ በአፍሪቃ ተመዝግቦ ለዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በዚያው ውድድር ከቡድኑ ነጂዎች አንዱ የሆነው ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለ ሃይማኖት በተራራ መውጣት ቀዳሚ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ልብስ ለበሰ፤ ጁላይ 18 ቀን፣ ማለት በኔልሰን ማንዴላ የልደት ዕለት፣ እንግሊዛዊው ስቲቭ ካሚንግስ ለቡድኑ አንዱን የዕለት ውድድር አሸነፈ። ሰው ውድድሩን ሲመለከት የኩቤካን ስም በየልብሱ ላይ እያነበበ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፤ ከሚጠይቁትም መካከል የሚሰጥ ይገኛል። የአገራችን ልጅ ጽጋቡ ገብረ ማርያምም አስቀድሞ በዚሁ ቡድን ውስጥ ተወዳድሮ ነበር፤ በ2016 በሌላ ቡድን ሆኖ በፈረንሳዩ ዙር በመካፈል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ብስክሌት ለአገራችን ስፖርት እንግዳ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌት ነጂዎችም ተልከው ነበር።

እንግዲህ ብስክሌቱ ለልጅቱ ከደረሰ በኋላ በእውነት ይጠቅማታልን? ይህን በሚገባ የመረመሩት በዛምቢያ ነው። የጥናቱ ባለሙያዎች አንዳንድ ትምህርት ቤቶችን በዕጣ መርጠው ለልጃገረዶች ብስክሌት ሰጡ፤ ዕጣ ካልወጣላቸው ትምህርት ቤቶች ጋርም አስተያዩ። የጉዞው ጊዜ በ35 ከመቶ አጠረ፤ ከትምህርት መቅረት በ27 ከመቶ ቀነሰ፤ ማርፈድም በጣም ጐደለ። በህንድ አገር በቢሃር ክፍለ ሀገር ደግሞ መንግሥት ራሱ ከ2006 ጀምሮ ለዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ሰጥቶ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡት ልጃገረዶች ቁጥር በ32 ከመቶ ከፍ ብሏል። ልጃገረዶችን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እናትዋን ረድታ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትነሣው። መንገዱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀረው የጥናት ጊዜዋ ነው፤ ቀጥሎም «መንገዱ ያሠጋል» ተብሎ ራስዋ ትቀራለች።

ይሁን እንጂ ብስክሌት ሰጥቶ ዞር ማለት ከጥቅሙ ጥፋቱ ያመዝናል። ካቴናው በተበጠሰ ወይም ጎማው በተነፈሰ ዕለት ጎሚስታ ከሌለ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ከቤት ጀርባ ቆሞ የዶሮ መስፈሪያ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ከ2004 የእስያ የባሕር ማዕበል በኋላ በስሪላንካ ሥራውን የጀመረው፣ ዛሬም በብዙ የአፍሪቃ አገሮች የሚሠራው የዓለም የብስክሌት ርዳታ ድርጅት ለገጠር መንገድ የሚሆን «ባፋሎ» የተባለ ብስክሌት አሠርቷል። ክብደቱ ከ20 ኪሎ ይበልጣል፤ እስከ 100 ኪሎ ጭነት ይችላል፤ ፍሬኑም ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ስለ ሆነ የሚበጠስ ሽቦ የለውም። ከብስክሌቱም ጋር በየመንደሩ ጠጋኝ ሠራተኞችን ያሠለጥናል፤ መለዋወጫም እንዲገኝ ያደርጋል።

ሌላው ችግር ከቤት ውስጥ የሚመጣ ነው። በድኻ ቤት አንድ ብስክሌት ሲገባ አባት ወደ ገበያ፣ ታላቅ ወንድም ወደ ሥራ ይወስደዋል፤ ልጅቱ እንደ ቀድሞው በእግሯ ትሄዳለች። ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ በየትምህርት ቤቱ ከመምህራንና ከወላጆች የተውጣጣ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ልጅቱና ወላጆችዋ ውል ይፈርማሉ፤ ትምህርቷን እየተከታተለች ከቈየች በኋላ ብስክሌቱ የራስዋ ይሆናል። አባትን መክሰስ አልፈልግም፤ ገበያው ሩቅ ነው፣ ጭነቱም ከባድ ነው። ውሉ ግን አባትም ሳይቀየም ልጅቱም ሳትጐዳ ነገሩን ይቈርጠዋል።

በአገራችን እንዲህ ያለው የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ ይበልጥ የታወቀው በብስክሌት ሳይሆን በሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረቱት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ 10,000 ሰው ተካፍሏል፤ በኋላ ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ደርሷል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ተሳታፊው ከፍሎ የሚያገኘው ካናቴራ እንደ መግቢያ ትኬት ያገለግላል፤ ከሩጫውም ጋር ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ይሰበሰባል።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ግን ሩጫም ብስክሌትም የለበትም፤ በውርርድ የተጀመረ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ካርል ሃይንዝ በም የተባሉ የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን በሚታይ የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ «ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ በድርቅ ለተጐዱት የአፍሪቃ ሰዎች አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም» ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን እርሳቸው አሸነፉ፤ ሢሶው አልሰጠም። ነገር ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። እርሳቸውም ገንዘቡን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መጡና «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሥራቸው በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ተጀምሮ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ራሳችን ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መርሐ ቤቴ ደረሰ፤ በዓለም ከተማ ያለውን እናት ሆስፒታል ያሠራው ይኸው ድርጅት ነው። እኚህ ሰው በ2006 ዓ.ም. ዐረፉ። በቴሌቪዥን የተደረገ ጨዋታ ወደ ሆስፒታል ግድግዳ የተለወጠው፣ ገንዘቡን የሰበሰቡት ሰው ራሳቸው ተከታትለው ከሥራ ላይ ስላዋሉት ነው። ከደቡብ አፍሪቃው ነጂ ጋር የሚያመሳስላቸውም ይህ ነው፤ ድካሙ ወይም ጨዋታው ሰውን ይጠራል፤ ገንዘቡን ወደ ልጁ እጅ የሚያደርሰው ግን የሒሳብ መዝገብና ተከታታይ ሰው ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ከደብረ ሲና ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ጓደኞቻችን በከተማው ቤት ተከራይተው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ወጥተው ወይም ወርደው በሶና ቆሎ፣ የቆላ ልጅ ከሆነም የማሽላ ዱቄት ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ያለቀበት ሐሙስና ዓርብ ከክፍል ይቀራል፤ ይህን ለማወቅ የስም መጥሪያውን መዝገብ ማየት ይበቃል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና በደረሰው ግጭትና ጦርነት ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሎ ንብረቱን ስላጣ፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል የማይችለው ወላጅ በርክቷል።

ለእነዚህ ልጆች ብስክሌት ማደል ሞኝነት ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ጀምሮ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ያለውን ቁልቁለት በእግር የሚወጣ ሰው ብስክሌት ቢሰጡት ተሸክሞት ይወጣል እንጂ አይነዳውም። በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው ሜዳ ላይ ለሚኖር ልጅ ግን ብስክሌት እውነተኛ ርዳታ ነው። ለደጋው ልጅ የሚሻለው የቤት ኪራዩ ቢከፈልለት፣ ስንቁ ቢሟላለት፣ ደብተሩ ቢገዛለት ነው። ብስክሌት የገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው ርዳታ የግድ ብስክሌት መሆን የለበትም፤ ቬሎካያም ሆነ ኩቤካ የሚሰጡትን የመረጡት የየራሳቸውን አገር አይተው ነው።

ለምሳሌ ያህል አስበን እንመልከት። የደብረ ሲናና የሸዋ ሮቢት ተማሪዎች ተባብረው 15 ነጂዎችን ቢያዘጋጁ፣ እያንዳንዱም በሜዳው ላይ 20 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ብር የሚከፍሉ 30 ሰዎች ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከነጋዴ ቢያገኝ፣ አንዱ ነጂ 600 ብር፣ ሁሉም በአንድነት 9,000 ብር ያመጣሉ። ይህ የስንቱን ልጅ ኪራይ ለስንት ወር እንደሚከፍል ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ገንዘቡ በተማሪ እጅ መቀመጥ የለበትም፤ የወላጅና መምህር ኅብረት ገንዘብ ያዥ መርጦ ደረሰኝ ይስጥ፤ የገባውና የወጣውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተረዱት ልጆች ስም ግን አይለጠፍ፤ የዚያ ዝርዝር በክፍል ኀላፊ መምህራን ዘንድ ብቻ ይቈይ። ልጆቹም እንደ ኩቤካ ልጆች፣ ለምሳሌ ታናናሾቻቸውን ሒሳብ በማስጠናት ወይም በግቢያችን ችግኝ በመንከባከብ፣ በሥራቸው ያገኙት ይሁን።

ጉዞው የሚደረገው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው፤ ለትራፊክ ፖሊስም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ የደሴ መስመር የጭነት መኪና የሚበዛበት ነውና። ብስክሌቶቹን በዋዜማው ጎሚስታ ይያቸው፤ ቸርኬው ያልተጣመመ፣ ፍሬኑም የሚይዝ መሆኑ ይፈተን። መነሻው ማለዳ 12 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፤ የሮቢት ፀሐይ ከ4 ሰዓት በኋላ ብስክሌት የምታስነዳ አይደለችም።